የጨርቁ ጫፍ

ጋሽ ፀሐዩ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አሮጌ አንሶላ ይቀድዳሉ። ጠርዙን በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉትና ቀጥ አድርገው ይስቡታል፤ ከዚያ እየጠቀለሉ ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ሁልጊዜ ጫፉን ረዘም አድርገው ይተዉለታል። ወጌሻ ናቸው፤ በእሳቸው ቤት የታሰረ ክንድ ወይም እግር ሲቋጠር ጫፉን የሚይዘው ተጎጂውን ያመጣው ሰው ነው። ጫፉን የያዘ፣ እስኪድን ድረስ ጠባቂው እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። የወረደው ሰው ትከሻው ሰፊ ነው፤ ፈቀደ ይባላል፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ሚስቱ ሃዊ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ እንደ ሰው ዕቃ ታቅፋ ተከተለችው።

"ከደረጃ ወድቃ ነው፣ ጋሼ። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ነን። መብራት ጠፍቶ ነበር" አለ ፈቀደ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ሃዊ መሬት መሬት አየች። "እሱ እንዳለው ነው።"

ጋሽ ፀሐዩ ክንዷ የተጠቀለለበትን ነጠላ ፈቱት። ክንዱ ቅቤ በቅቤ ሆኗል። "ማነው ያሸሽ?"

"ጎረቤቶች ናቸው።"

"ክርንሽን ዶሮ ወጥ አደረጉት እኮ! የወጣ አጥንት ይታሻል?"

ክርኗ ከኋላ ጉጥ አውጥቷል። ከፊት፣ ክንድ በሚታጠፍበት ጎድጓዳ፣ እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ጣታቸውን የእጇ አንጓ ላይ በአውራ ጣቷ በኩል አሳርፈው ጠበቁ። የሚመታ ነገር የለም። መዳፏ ነጥቷል፤ ይቀዘቅዛል።

"ጣቶችሽ ይሰሙሻል?"

"አውራ ጣቴና አጠገቡ ያሉት... የኔ አይመስሉኝም።"

"የላይኛው አጥንት ጫፍ ወደ ፊት መጥቶ ደም ሥሩ ላይ ተቀምጧል። ካልተነሣለት እጅሽ ይሞታል። ሆስፒታል ውሰዳት፣ ልጄ።"

"ሆስፒታል አንሄድም!" አለ ፈቀደ። "እዚያ ጥያቄ ይበዛል።"

ጋሽ ፀሐዩ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ክንዷን በቀስታ ወደ ብርሃን መለስ አደረጉት። ከአንጓዋ ከፍ ብሎ፣ በክንዷ ለስላሳ ገጽ ላይ፣ በአንድ ወገን አራት ጥቁር ምልክት፣ በሌላው አንድ ሰፊ።

"ደረጃ ጣት የለውም" አሉ። "ወዴት እንደተጠመዘዘ ካላወቅሁ አልነካትም። በዚያው በኩል ብደግመው ደም ሥሩ ይበጠሳል።"

"ወደቀች አልኩህ እኮ! አንተ ሽማግሌ፣ ሥራህን ሥራ!"

አንቱታው ከአፉ ወለቀ። ጋሽ ፀሐዩ እጃቸውን ዘረጉለት። "እሺ፣ እጅህን አምጣ። እንዴት እንደምታግዘኝ ላሳይህ።"

ፈቀደ ቁጢጥ ብሎ ቀኝ እጁን ሰጣቸው። መዳፉን ወደ ሰማይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙትና በአውራ ጣታቸው ጎድጓዳውን ዳሰሱ።

"ይህ ገመድ የመሰለው ጅማት ነው፤ ክንድህን የሚያጥፍልህ። ከሱ ወደ ጎንህ ጠጋ ስንል፣ ይኸው የሚመታው ደም ሥር። ከደም ሥሩ አጠገብ ደግሞ..." አውራ ጣታቸው ሰመጠ። "ነርቩ።"

ፈቀደ ጮኸ። በግራ ቡጢው አፋቸውን መታቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። አውራ ጣታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ደገመ፤ ጆሯቸው ጮኸ። የእጁን አንጓ ጨብጠው ክንዱን አዙረው ከላይ ተጫኑት፤ ያ ትልቅ ሰውዬ በጉልበቱ፣ ቀጥሎም በግንባሩ ሲሚንቶው ላይ ወረደ።

"የሷም ክንድ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ወዴት ጠመዘዝከው?"

"ወደ ኋላ! ወደ ጀርባዋ!"

"መዳፏስ?"

"ወደ ውጪ ዞሮ... ይልቀቁኝ ጋሼ፣ በማርያም!"

አንቱታው ቦታው ገባ። ጋሽ ፀሐዩ ለቀቁት። ሃዊ አላለቀሰችም። ትናንት በዝግ ቤት የደረሰባት ነገር፣ በጠራራ ፀሐይ ከገዛ ባሏ አፍ ሲወጣ እየሰማች ቆማለች።

ላይኛውን ክንዷን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በጨርቅ አሰሩት። አንድ ጥቅል አፏ ውስጥ አደረጉላት። "ንከሺ።" መዳፏን ወደ ሰማይ መልሰው፣ እግራቸውን ምሰሶው ላይ ተክለው ሳቡ። ጩኸቷ በጨርቁ ውስጥ ታፍኖ ወጣ። ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ ክርኑን በሌላ እጃቸው ከኋላ ገፉት፤ ቀጭ አለ።

ጣታቸውን አንጓዋ ላይ መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም። ባጃጁ ውጪ ያጓራል። ምንም። ከዚያ አንድ ቀጭን ነገር ከጣታቸው ሥር ገፋ አደረገ፤ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ።

"መጣ" አሉ። የጥፍሯ ሥር ቀላ። "አሁኑኑ ሄደሽ ራጅ ትነሻለሽ። እኔ አጥንት እመልሳለሁ እንጂ ውስጡን አላይም። ከዚያስ ወዴት ነሽ?"

ጥቅሉን ከአፏ አወጣች። "ሳሪስ አቦ። እህቴ ጋ።"

"ሃዊዬ..." አለ ፈቀደ።

ክንዷን በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፈው፣ ጨርቁን ከክርኗ በላይና በታች ላላ አድርገው ጠመጠሙት። ጫፉ ተረፈ። ፈቀደ ከሲሚንቶው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። "እኔ ልያዘው።"

ጋሽ ፀሐዩ ጫፉን በሁለቱ መካከል እንደያዙ ጠበቁ።

ሃዊ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በጥርሷ ያዘችው።

ቋጠሩት። ትርፉን በመቀስ ቆረጡና የተረፈውን አንሶላ፣ ደም የነካው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጥፈው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።