የሃደርስፊልድ ሱፍ

ልብስ ሰፊው ሴት ልጁን ለጠየቃት ሹፌር መስጠት አልፈለገም። «እንግሊዝ አገር፣ ሃደርስፊልድ የተሠራ ሱፍ ካላመጣልኝ ጥሎሹን አልቀበልም» አለ፤ ከየትም እንደማያገኝ ተማምኖ።

በጥሎሹ ቀን ሚዜው ሱፉን ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጋ። «እርስዎ ያውቁታል፤ ይዩት።»

ልብስ ሰፊው ጠርዙን ገለጥ አደረገ። በቢጫ ክር «ሃደርስፊልድ» ይላል። በአገር ውስጥ ሱፍ ላይ ይህን ጽሑፍ እየጠለፈ፣ «የእንግሊዝ ነው» ብሎ የሚሸጠው ራሱ ነው። ሐሰት ነው ቢል ራሱን ሊያጋልጥ ነው፤ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ የለበሱት እሱ የሸጠላቸውን ነው።

«ንጹሕ እንግሊዝ ነው!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ሚዜው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ሱፉን የመረጠችው ልጅዎ ናት» አለው። «‹ቢጫውን ክር መርፌ ውስጥ የማስገባለት እኔ ነኝ› ብላ።»