ፀሎት ያነበበችው ደብዳቤ

ሮሃ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም... ለንስሐ አባቷም ጭምር።

«ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ፣ እህቴ!» አለቻት በለጥሽ በሱቋ ፍርግርግ ውስጥ ደብዳቤ እያቀበለቻት።

ጊዜው የኮሮና ነው፤ ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለችው ቮስሎሩስ።

በለጥሽ እንግሊዝኛ አታነብም። የሰፈሩ አበሾች ወረቀት ሲደርሳቸው ወደ ሮሃ ነው የሚሮጡት። የተማረች ናት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከርም ንባብ የጠፋባቸውን ልጆች የምታግዝ ረዳት መምህርት።

ይህን ደብዳቤ ግን የጻፈችው ራሷ ሮሃ ነበረች።

የበለጥሽ ልጅ ፀሎት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተሻለ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኝቶላታል... ማንበብ እንደምትችል የሚመሰክር ደብዳቤ በነጋታው ካስገባች።

ርእሰ መምህሩ ደግሞ ሮሃን አስጠንቅቀዋታል። «ማንበብ የቻለ ይወጣል፤ የምታግዣቸው ልጆች ከአሥር ካነሱ ግን ኮንትራትሽ አይታደስም።»

ልጆቹ ከነፀሎት ልክ አሥር ነበሩ።

ሮሃም ጻፈች... «ፀሎት እስካሁን ማንበብ አልቻለችም።»

«ጎበዝ አንባቢ ናት ይላል» አለች አሁን፣ ቀና ሳትል። ፊቷን የሸፈነላትን ማስክ በልቧ አመሰገነች።

«ተመስገን! እኔ እንደሆነ ኮካውን የምለየው በቀለሙ ነው! ፀሎት፣ ነይ ቲቸርሽ የጻፈችልሽን እይ!»

«ተዪው... ይቆሽሻል» አለች ሮሃ።

ልጅቷ ግን ወስዳዋለች።

ሮሃ እንዳስተማረቻት፣ ጣቷን ከቃላቱ ሥር እያስኬደች አነበበች... ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሳውቦና፣ ማማ!» ብሎ አንድ ደንበኛ በዙሉኛ ሰላምታ ተጣራ። በለጥሽ አልዞረችም።

«እህስ? ምን ይላል?»

ፀሎት መምህሯን ትክ ብላ አየቻት።

«ቲቸር ያለችውን ነው፣ ማሚ።»

ማንበብ አልቻለችም የተባለችው ልጅ አንብባዋለች... አንብባም የመምህሯን ገመና ሸፈነች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ሮሃ ሌላ ደብዳቤ ይዛ ደጁ ላይ ቆማ ነበር።

«የትናንቱ ስሕተት አለበት» ብላ ተቀበለችና ቀደደችው። አዲሱን ለፀሎት ሰጠቻት።

«ዛሬ ለማሚ አንቺ ነሽ የምታነቢላት። ጮክ ብለሽ።»

ፀሎት አነበበች... «ፀሎት ጎበዝ አንባቢ ናት።» በለጥሽ አለቀሰች። ሮሃ ከዘጠኝ ልጆች ጋር ቀረች፤ ኮንትራቱም አልታደሰም።

ልጅ ማንበብ ሲችል መምህሩ እንጀራውን የሚያጣበት አሠራር ሰውን ይፈትናል... ፈተናው ግን ውሸትን እውነት አያደርገውም። ላመነን ሰው ወረቀት ስናነብ የያዝነው ሕይወቱን ነው።

እናንተ በፀሎት ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ቀን ለእናታችሁ ምን ብላችሁ ታነቡላት ነበር?