«አዎ» የሚለው ዘዴ ፍለጋ

የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች አስተዳደር ፕሮግራም ቆሞ አያውቅም። እየተለበሰ የሚሰፋ ልብስ ነበር፤ ባለሙያዎቹ የሚያርሙት ሥራው ሳይቋረጥ ነው። ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ መዝገቡም፣ መኪናውም፣ ክፍሉም፣ ምሳውም ሳይቀር በእርሱ ይመራል፤ ሠራተኛ ከሠራተኛ የሚጠያየቀው ሁሉ በእርሱ ያልፋል። በውስጡ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ድረስ እያንዳንዱ ሰው ኦብጀክት የሚባል ወኪል አለው፤ ለኦብጀክቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ደግሞ ዘዴ ይባላል፤ ዘዴው በተጠራ ቁጥርም ትእዛዙ በእውን ይፈጸማል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቀልድ ወዳድ ነበር። ለዘዴዎቹ «ሆድ ይፍጀው»፣ «እኔን ያየህ ተቀጣ» የሚሉ ስሞችን አውጥቶ በጡረታ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ በስም መፈለግ ከንቱ ድካም ሆነ።

የፈቃድ ጥያቄዎች ወደማይመለከታቸው አለቆች መሄድ ሲጀምሩ ኃላፊው አዲሷን ፕሮግራመር አስጠሩ። ኃላፊው ፈገግታን እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው።

«ማን የማን አለቃ እንደ ሆነ የሚወስነውን ዘዴ ፈልገሽ አርሚ» አሏት። «የሙከራ ጊዜሽ በዚህ ሳምንት ያበቃል። ካገኘሽው ቅጥርሽን እፈርማለሁ፤ ካላገኘሽው በሰላም እንለያያለን።»

ከጎኗ የሚቀመጡት አንጋፋ ባልደረባ፣ ቢሮው በሽሙጥ «ሊቁ» የሚላቸው፣ ስትዳክር አይተው ሳቁባት።

«እቴ፣ በስም ስትፈልጊ ልታረጂ ነው። ፈላጊውን ለምን አታዢውም?»

«የትኛውን ፈላጊ፣ ጋሼ?»

«ሁለት ኦብጀክትና የምትጠብቂውን መልስ ትሰጪዋለሽ። እሱ ዘዴዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እየሞከረ ያን መልስ የሚሰጠውን ይዞልሽ ይመጣል።»

«እሱማ ቀርፋፋ ነው።»

«ይዝገም፤ ምን ቸገረሽ! ደመወዝ አይጠይቅሽ።»

አዲሷ ፈላጊውን በትምህርት ቤት ታውቀዋለች። ሦስትንና አራትን ሰጥታ ሰባት ብትለው መደመርን ያመጣላት ነበር። አሁንም እንደ ተማረችው አደረገች። የራሷን ኦብጀክት መዘዘች፤ ከአጠገቡ የኃላፊውን አኖረች፤ እርሳቸው አለቃዋ ናቸውና የምትጠብቀው መልስ «አዎ» መሆኑን ጻፈች። ፈላጊውን ለቀቀችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ ጧት የኃላፊውን ሾፌር ደጇ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከአለቃ ጋር ነው የሚመላለሱት ተብያለሁ» ብሎ በሩን ከፈተላት። ኃላፊው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ቢሮ እስኪደርሱ ድረስ አንድ ገጽ አልገለጡም።

በሚቀጥለው ቀን ጠረጴዛዋን ከቦታው አጣችው። ተሸካሚዎች ወስደው ከኃላፊው ቢሮ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር አኑረውታል።

«አይ እቴ!» አሉ ሊቁ። «እኔ እዚህ ስሸብት ግድግዳ ነው የሰጡኝ።»

«ኧረ ይተዉኝ፣ ጋሼ!»

«ትቼሻለሁ። አፌን ይዤ ነው የማየው።»

ፈላጊው ገና እየዘገመ ነበር። በምሳ ሰዓት የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ሁለት ወንበር ብቻ ወዳለው ጠረጴዛ መራት። ኃላፊው አስቀድመው ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ሾርባቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ «ጨው ይጎድለዋል» ከማለት በቀር የተናገሩት የለም።

ማታ ቤት ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

«መኪና፣ መስኮት፣ ምሳ። ሰውዬው ምን ቀረው?»

«እታለም፣ ተይ። ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነገ ግቢና በግልጽ ንገሪው።»

«ሥራዬስ? ፊርማው በእሳቸው እጅ ነው።»

«ክብርሽስ በማን እጅ ነው?»

አዲሷ ሌሊቱን ለነገ የምትለውን ስታጠና አነጋች።

በነጋታው ፈላጊው ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት። ዘዴው «አንገትህን ድፋ» የሚል ስም ተሰጥቶት ኖሯል። ስህተቱን አገኘችው፤ አረመችው፤ ሞከረችው፤ ሠራ። ኃላፊው ቅጥሯን ሊፈርሙ ብዕራቸውን አነሡ።

«ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አለች። «እኔ የመጣሁት ለሥራ ነው። መኪናውም፣ መስኮቱም፣ ምሳውም ይቅርብኝ። በልብዎ ሌላ ነገር አስበው ከሆነ የአባቴ እኩያ ነዎት፤ ያፍሩ። ለዚህ የሚያባርሩኝ ከሆነም ያባርሩኝ።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ በመኪናዎ ልሂድ የሚለው ጥያቄሽ በማሽኑ ሲደርሰኝ መንገድ ርቋት ነው ብዬ ፈቀድሁ። ቢሮዎን ልጋራ ስትዪ ብርሃን ፈልጋ ነው አልሁ። ምሳ አብረን እንብላ ስትዪም ላሳፍርሽ አልወደድሁም።»

በረጅሙ ተነፈሱ።

«የዛሬ ጧቱን የጋብቻ ምዝገባ ጥያቄሽን ግን ስልኬ ላይ ከእኔ ቀድማ ያነበበችው ባለቤቴ ናት።»