የማይከ ቫዮሊን

በንጉሡ ልደት በዓል፣ በዩትሬክት ከተማ መንገድ ዳር አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጠው ሩርድ ረጅም ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ከበሮ እየመቱ፣ «ሃሬ ክሪሽና» እያሉ የሕንዱን አምላክ ከሚያወድሱት ጨፋሪዎች መካከል ልጁን ማይከን ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። እሷም ከዕቃዎቹ መሐል የልጅነት ቫዮሊኗን አይታ ከጭፈራው ወጣች።

«አባባ፣ ቫዮሊኔን ልትሸጠው ነው?»

«ያንቺ አሁን ከበሮው ነው! በንጉሣችን ቀን አንሶላ ተጠቅልለሽ ታዋርጂኛለሽ? ዞር በይልኝ!»

ማይከ ቫዮሊኑን አንስታ የጓደኞቿን ዝማሬ ትጫወት ጀመር። «አቁሚ!» ብሎ ጮኸባት፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ቀጠለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አዳመጣት።

አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ቫዮሊኑ ስንት ነው?» አለችው።

ሩርድ ከልጁ እጅ መንጭቆ ጉያው ውስጥ ሸጎጠው። «አይሸጥም» አላት። ወደ ልጁም ዞሮ «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ጓደኞችሽ ጥለውሽ ሄዱ እኮ!» ሲል ተቆጣ።