የሐዳሳ ቤት መብራት

የሐዳሳ ባል አሳምነው የሚተነፍሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሳይመጣ ዋለ፤ አሳምነውም እጇን እንደያዘ አረፈ።

ከቀብሩ ወዲህ ግን ዱራሜ ከተማ በሙሉ ስትጨልም እሷ ቤት ብቻ መብራት አይጠፋም። ጎረቤቶቿ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ እየመጡ፣ "ጌታ ቤትሽን አሰበው" ይሏታል። እሷም "ያኔስ የት ነበር?" ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት እንደ ልማዱ ሄዶ ቤቷ በሰው ሲሞላ ትታቸው ወደ ደጅ ወጣች። የሰፈሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቲቶን ጠርታ፣ "ወደ ቤቴ የሚገባውን ገመድ ቁረጥልኝ። በዚህ ብርሃን ከምቀመጥ ጨለማ ይሻለኛል" አለችው።

"እህቴ፣ ሰው መብራት አጥቶ እየሞተ..." ብሎ ጀመረና የባሏ አሟሟት ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ።

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ገመዱን በፒንሳ ሲቆርጠው ጫፉ እግሯ ሥር ወደቀ። ሐዳሳ በረጅሙ ተነፈሰች።

ከቤት ውስጥ ጎረቤቷ ጵርስቅላ በደስታ ተጣራች፤

"ሐዳሳ፣ ጌታ ይባረክ! መብራቱ ዛሬስ ጭራሽ ደመቀ!"