እርጥቡ ፎጣ

ፀሐይወርቅ ሁለት እጇን መሰረት ሆድ ላይ ጭና «ተቀበይ!» ስትል ሳሎኑ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። መሰረት ግን ያሰበችው ስለ ቀሚሷ ነው። የሴትዮዋ እጅ ሁልጊዜ እንዳላበው ነው፤ አሁን በአዲስ ቀሚስ ላይ እንዲህ ያለ እጅ ይጫናል?

ይቺ የጸሎት ቡድን መሪ በየቤቱ ስትዞር ከመጽሐፍ ቅዱሷ እኩል የማትለየው አንድ ሮዝ ፎጣ አላት። ዲላ በዝናብ ርሳ ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ቀን እንኳ እሷ አንገቷን ስትጠርግ ነው። ምእመኑ «የመንፈስ ቅባት ነው» ይላል። መሰረት «ውፍረት ነው» ትላለች፣ ለባሏ፣ እየሳቀች። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ እሷን እንዲህ በቀላሉ የሚሸውዳት የለም።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። የወር አበባዋ የቀረ ጊዜ ዝም አለች። በሚቀጥለውም ወር ሲቀር ለባሏ ለሲላስ ነገረችው። ሲላስ ለፀሐይወርቅ ነገረ፣ ፀሐይወርቅ ለዲላ። የፊታችን እሁድ ጉባኤ ፊት ቆማ እንደተተነበየላት ማርገዟን እንድትመሰክር ተወስኗል። የሲላስ አክስት ምሥራቹን ሰምታ ከገጠር ከጪጩ ድረስ ዶሮ ይዛ መጥታለች፤ ዶሮዋ ጓዳ ታስራ በጸሎቱ መሀል ትንጫጫለች።

መሰረት ሁሉንም ትንቃቸዋለች። የሚጮኸውን ትንቃለች፣ የሚያለቅሰውን ትንቃለች፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቆጮ የሚያየውን ደግሞ አብልጣ ትንቃለች። ማርገዟን ግን አምናለች። እነሱ በትንቢት አመኑ፣ እሷ በሳይንስ፤ እንዲህ ነበር ለራሷ የምትለው። ከፋርማሲ የገዛችው መመርመሪያ አንድ መስመር ብቻ ሲያሳያት የተበላሸ ነው ብላ ወረወረችው። ሌላ ገዛች። ያም አንድ መስመር። «ርካሽ ዕቃ!» ብላ እሱንም ወረወረችው።

«እሳት!» ጮኸች ፀሐይወርቅ። «እሳትህን አውርድ!»

እሳቱ መጣ። የመጣው ግን ከላይ አልነበረም፤ ከመሰረት ከራሷ ደረት ተነስቶ በአንገቷ አድርጎ እስከ ጆሮዋ ነደደ። ልቧ ደለቀ። ላቡ ከግንባሯ በቅንድቧ ላይ ወረደ።

«ነካት!» አለች ሀኒ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። «ፊቷን እዩት፣ በጌታ!»

«ማገኖ!» አለች አክስትየው በጌዴኦኛ። «እግዜር ገባ! ልጁ ይኸው መጣ!»

መሰረት ይህን እሳት ታውቀዋለች። ስንት ሌሊት ብርድ ልብሱን አስወርውሮ አስቀምጧታል። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጇ አስጥሏታል። የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀት ነው ብላለች፣ ወባ ነው ብላ ደም ሰጥታ ተመርምራለች። ትናንት አንዲትን ተማሪ በማይረባ ነገር ጮኻባት ስታስለቅሳት ደግሞ ጥፋቱ የተማሪዋ ነበር። የወር አበባ መዛባት፣ ድንገተኛ ሙቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የጠባይ መለዋወጥ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በራሷ እጅ የምትጽፋቸው ናቸው። «ይህን የማታውቅ ሴት ደንቆሮ ናት» እያለች ተማሪዎቿን ታስጠናለች።

ቀና ስትል ከፀሐይወርቅ አገጭ ላብ ተንጠባጥቦ ቀሚሷ ላይ አረፈ። የሴትዮዋም አንገት ይጋያል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ውፍረት አይደለም። «የእሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያለች ስንት ጊዜ በዚህች ሴት ተርታለች! ለካ ያረረው የራሷ ድስት ኖሯል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ሳለ ከጎረቤት ነው ስትል ከረመች። ደንቆሮ፣ አለች በልቧ። የደንቆሮ መምህርት።

ሲላስ ዓይኑን ገልጦ ያያታል። ከሠርጋቸው ሰሞን ወዲህ እንዲህ አይቷት አያውቅም። ዝም ካለች እስከ እሁድ ድረስ ይህ ዓይን የእሷ ነው። እሁድ ግን ማይክራፎኑን ያስጨብጧታል።

«ሲላስ» አለች። «እኔ አላረገዝኩም።»

«በእምነት ተናገሪ፣ እህቴ!» አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

«አላረገዝኩም አልኩ! የወር አበባዬ እየተቋረጠ ነው። ማረጥ ይባላል። አስተምረዋለሁ እኮ!»

ሲላስ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ፤ ለጸሎት ግን አልነበረም። ጓዳ ያለችው ዶሮ ብቻ መንጫጫቷን ቀጠለች። አክስትየው ወደ ጓዳው በር አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች።

አሁን ፀሐይወርቅ «እምነት አጥተሽ ነው» ትላለች ብላ መሰረት መልሷን አዘጋጀች፤ የሚያቃጥል፣ ሴትዮዋን ከዚህ ቤት ደጃፍ ለዘለዓለም የሚያርቅ መልስ። ፀሐይወርቅ ግን እጇን ከመሰረት ሆድ ላይ አነሳችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ድምፅዋ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ሰልሏል።

«ሌሊት ያስነሳሻል?»

«ያስነሳኛል» አለች መሰረት፤ የተዘጋጀው መልስ የት እንደገባ እንጃ።

«እኔን ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለማን ይወራል? ሰው ቅባት ነው ሲል እኔም ዝም አልኩ።»

ከዚያም ፎጣውን ዘረጋችላት። ፎጣው ረጥቧል፣ ጠርዙ ተተልትሏል፣ ላብ ላብ ይሸታል። መሰረት ተቀበለችውና ፊቷን ሸፈነችበት።