የሚሳኤል ጠርሙስ

ኬሚስቱ ሚሳኤል ሙከራው ሳያልቅ ሞተ። የአስም በሽታው ገደለው። መካኒሳ ባለችው ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ የቀረው አሚን የሚባል ኬሚካል ሁለት ዓይነት ቀላቅሎ የሠራው አንድ ጠርሙስ ውህድ ነው። ውህዱ ሲቀዘቅዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይውጣል፤ ሲሞቅ ይተፋል። ያን ዓመት፣ በ1989፣ ከውጭ የታዘዘው የጋዝ ሲሊንደር ስላልመጣ፣ ሚሳኤል በጎማ ቱቦ የራሱን ትንፋሽ ይነፋበት ነበር።

«ናዝሬቴ፣ ትንፋሼን አደራ» ብሏት ነበር አብራው የምትሠራውን እጮኛውን በመጨረሻው ቀን እየሳቀ። «ስፈልገው ትመልሺልኛለሽ።»

«ሂድ ወዲያ! ደግሞ ለትንፋሽህ» አለችው። ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ዱጉማ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ክፍሉ ግን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ጠርሙሱን ደፍተሽ ውጪ» አሏት።

«ከሚደፋስ ይለካ» አለች ናዝሬት።

እሳቸው ሲወጡ፣ የሚወጣውን ጋዝ ለመለካት ጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ አሰረችና ቡታጋዙን ለኮሰች። ፊኛው ቀስ እያለ ተነፋ። በመዳፏ ያዘችው፤ ይሞቃል። ማልቀስ ስለማትወድ ቶሎ ብላ እሳቱን አጠፋች። ውህዱ ሲቀዘቅዝ ጋዙን መልሶ እንደሚውጠው ታውቃለች። ፊኛውም እንዳሰበችው ሟሸሸ።

ከዚያ እንደገና ተነፋ። ሟሸሸ። ደግሞ ተነፋ፤ ሲሟሽሽም መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት አሰማ። ሚሳኤል አስሙ ሲነሳበት አጠገቡ ቁጭ ብላ ትሰማው የነበረው ፉጨት ነው።

ጠርሙሱን ዳሰሰችው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ሹራቧን አውልቃ ጠርሙሱን ሸፈነችውና ወጣች።

«ደፋሽው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ ከኮሪደሩ ጫፍ።

«ቀስ ብለው ያውሩ፣ ጋሼ» አለችና በሩን ያለድምፅ ዘጋችው።